የቡድን ሥልጠና ሕያው እንዲሆን፦ አሠልጣኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ወረዳዎች ሥልጠና የሚሰጡ ባልደረቦች ደጋግመው ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያስቸግረው እንሄዳለን።

አሳታፊ ሥልጠና ሲባል ጨዋታና ማነቃቂያ ማብዛት ነው?

አይደለም። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያጨበጭብ፣ ሲነሳና ሲቀመጥ ውሎ ምንም ሳይማር ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ሠልጣኙ ተሳተፈ የሚባለው ስለ ትምህርቱ ራሱ ሲያስብ፣ ሲናገር፣ ሲሞክርና ሲታረም ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ አንድ ከባድ ጥያቄ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው፣ ከሚያጨበጭበው በላይ ተሳትፏል።

ራሳችሁን ለመለካት ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ እናንተ የተናገራችሁት ስንት ደቂቃ ነው? ከግማሹ ካለፈ ሥልጠናው ስብሰባ እየሆነ ነው። ደግሞም ሰው “ተሳተፉ እንጂ!” ስለተባለ አይሳተፍም። የሚሳተፍበት መንገድ ቀድሞ ሲዘጋጅለት ግን ማንም ሳይጎተጉተው ይገባበታል። እዚህ ያሉት መልሶች ሁሉ ስለዚያ መንገድ ናቸው።

ስንት ሰው ሲሆን ይመቻል? አቀማመጡስ?

ክህሎት ለማሠልጠን ከ20 እስከ 25 ሰው ጥሩ ነው። 30 ካለፈ የእያንዳንዱን ሥራ ለማየት አንድ አሠልጣኝ አይበቃም። ለውይይት ስትከፋፍሏቸው ደግሞ 4 ወይም 5 ሰው በአንድ ቡድን ይሁን። 8 ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ 3ቱ ይወያያሉ፣ የቀሩት ይሰሟቸዋል።

አዳራሹን በዋዜማው ሄዳችሁ እዩት። ብዙ የቀበሌና የወረዳ አዳራሽ የሚጠብቃችሁ ወንበሩ ፊት ለፊት ተደርድሮ፣ መድረኩ ከፍ ብሎ፣ ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሶ ነው። በዚያ አቀማመጥ ሰው ገና ሲገባ የመጣው ሊሰማ እንደሆነ ይገባዋል። ወንበሩን በግማሽ ክብ አዙሩት። አግዳሚ ከሆነና የማይንቀሳቀስ ከሆነ የፊት ረድፍ ሰዎች ዞረው ከኋላቸው ካሉት ጋር ይወያዩ። እናንተም ከመድረኩ ውረዱ። አዳራሹ ጨርሶ የማይሆን ከሆነ የዋርካ ጥላ ይሻላል፤ ሰውም ጥላ ሥር ሲቀመጥ መነጋገር ይቀለዋል።

ለገበሬ ሥልጠና የትኛው ቀን ይሻላል?

የገበያ ቀን አይሆንም። ባሕር ዳር ዙሪያ ቅዳሜ ሥልጠና የጠራ ሰው ባዶ አዳራሽ ይጠብቀዋል። ሰኔና ሐምሌም የእርሻ ጥድፊያ ነው። በሌላ በኩል እንደ ሚካኤልና ማርያም ባሉት ወርኃዊ በዓላት ብዙ ገበሬ ሞፈር አይጨብጥም። ከቅዳሴ በኋላ ለግማሽ ቀን የሚሆን ሥልጠና ብትይዙ ሰው ሥራ ሳይፈታ ይመጣል። ግን ቀኑን ራሳቸው ይምረጡት፤ ከወረዳ በስልክ የተወሰነ ቀን ብዙ ጊዜ ከለቅሶ ወይም ከሰርግ ጋር ይጋጫል።

መክፈቻውን እንዴት ላድርገው?

የቀኑ መልክ የሚታወቀው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሠልጣኙ ንግግር ብቻ ከሰማ፣ መስማት የቀኑ ደንብ ሆኖ ይቀራል። የክብር እንግዳ መጥቶ መክፈቻ ማድረጉ አይቀርም። ቀድማችሁ አነጋግሯቸውና 5 ደቂቃ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ ወዲያው ሰው ይናገር።

“ስሜ እገሌ፣ የመጣሁት ከእገሌ መሥሪያ ቤት” የሚለው ዙር ረጅም ነው፣ የሚያስታውሰውም የለም። በሱ ፈንታ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጠያየቁ፦ ስም፣ ሥራ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያስቸገረኝ አንድ ነገር። ከዚያ አንዱ ሌላውን ያስተዋውቅ። ስለ ራሱ መናገር የሚያፍር ሰው ስለ ጓደኛው ሲሆን ይደፍራል። ያነሷቸውን ችግሮች ፍሊፕ ቻርት (ትልቅ ወረቀት) ላይ ጽፋችሁ ለጥፏቸው። ትምህርቱ እዚያ ችግር ላይ ሲደርስ “ይቺ የእርስዎ ጥያቄ ነበረች” ብላችሁ ወደ ባለቤቱ መልሱት።

ጥያቄ ስጠይቅ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ምን ላድርግ?

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ይሄ ነው። መጀመሪያ ዝምታውን እንወቀው። ትልቅ ሰው ፊት አለመናገር ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። “በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም” ሲባል የኖረ ሰው፣ 30 ሰው ፊት ተሳስቶ መሳቂያ ከሚሆን ዝም ቢል ይመርጣል። መልሱን የሚያውቀው ሰው ራሱ “ልታይ ልታይ ይላል” እንዳይባል ይሰጋል። ስለዚህ ዝምታውን እንደ አለማወቅም እንደ ንቀትም አትዩት። ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታን ደግሞ በቁጣ ማሸነፍ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ የተቀዱ ትምህርቶችን ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ የሚመልሱትም በዙ። ፊት ለፊት ለቆመ አሠልጣኝ 3 ሰከንድ ረጅም ነው። በልባችሁ ቁጠሩ እንጂ ራሳችሁ አትመልሱት።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ፍራንክ ላይማን የተባለው የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ዘዴ ለእኛ አገር ሰው የተሠራ ይመስለኛል፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ሆኖ፣ በመጨረሻ ለሁሉም። ጥያቄውን ጠይቁ። 1 ደቂቃ እያንዳንዱ ለብቻው ያስብ። 2 ደቂቃ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይነጋገር። ያን ጊዜ አዳራሹን እዩት። መጀመሪያ ሹክሹክታ ይሰማል። አንዱ ወንበሩን ያዞራል። አፏን በነጠላዋ ሸፍና የነበረችው ሴት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ በጣቷ እየቆጠረች ማስረዳት ትጀምራለች። ከዚያ ለሁሉም ስትጠይቁ “መልሱ ምንድን ነው?” አትበሉ፤ “ከጓደኛችሁ ምን ሰማችሁ?” በሉ። መልሱ ቢሳሳት እንኳ የሁለት ሰው ነው፣ ማንም ብቻውን አያፍርም።

ስላይድ ስንት ይሁን? መብራት ቢሄድስ?

መብራቱ እንደሚሄድ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ያለ ፕሮጀክተር መስጠት የማትችሉት ሥልጠና ዝግጅቱ ገና አላለቀም። ዋና ዋናዎቹን 5 ወይም 6 ሐሳቦች ፍሊፕ ቻርት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ያዙ። ስላይድን ካልታየ ለማይገባ ነገር ብቻ ተጠቀሙበት። ጣና ላይ እምቦጭ እየተስፋፋ የሄደበትን የሚያሳዩ ሁለት የሳተላይት ምስሎች ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ ከ10 ገጽ ጽሑፍ በላይ ያነጋግራሉ። ጽሑፍ ሞልታችሁ ማንበብ ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ሠልጣኙ ከእናንተ ቀድሞ አንብቦ ይጨርስና ስልኩን ያወጣል።

ከምሳ በኋላ ሰው ያንቀላፋል። ምን ይሻላል?

ሠልጣኙን አትውቀሱ፣ ፕሮግራሙን አስተካክሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ከ8 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ስላይድ እየታየ ማንም ቢሆን ዓይኑ ይከደናል። ከባዱን ሐሳብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ጨርሱት። ከሰዓቱን ለእጅና ለእግር ተዉት፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ የቡድን ሥራዎችን እየዞሩ ማየት፣ የመስክ ምልከታ፣ ሠርቶ ማሳያ፣ ሚና ይዞ መለማመድ። ጾሙንም አስቡ። በጾም ወቅት ከ6 ወይም ከ9 ሰዓት በፊት እህል የማይቀምስ ሰው አለ፤ በረመዳን ደግሞ እስከ ማታ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት የሚሄዱ ካሉ የምሳ ሰዓቱን አርዝሙት።

የሻይ ዕረፍት 15 ደቂቃ ተብሎ 40 የሚሆነው ቡናው ገና እየተፈላ ስለሆነ ነው። ቡናውን አትከልክሉ፣ ጀበናው ቀድሞ ይጣድ። እንዲያውም አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ ቡናው ይውጡ። አዳራሽ ውስጥ ያልተነገረው ብዙ ነገር ሲኒ በእጅ ሲያዝ ይወጣል።

የቡድን ሪፖርቱ ተመሳሳይና አሰልቺ ሆነብኝ

ለ5 ቡድን አንድ ጥያቄ ከሰጣችሁ 5 ጊዜ አንድ መልስ ትሰማላችሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ጥያቄ ስጡ። ጥያቄው አንድ መሆን ካለበት ደግሞ አንደኛው ቡድን ሁሉን ያቅርብ፣ የቀሩት ያልተባለውን ወይም የማይስማሙበትን ብቻ ይጨምሩ።

ከዚህም የሚሻል አለ። ኤልየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ዘዴ ነው። የነጭና የጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ተቀላቅሎ፣ ልጆቹ በጠላትነት በሚተያዩበት ጊዜ እርስ በርስ እንዲፈላለጉ ለማድረግ ነው ያሰበው። ለቁጠባ ማኅበር አመራሮች እንዲህ ልናደርገው እንችላለን። ትምህርቱን 4 ቦታ እንከፍላለን፦ መዝገብ አያያዝ፣ ብድር አመላለስ፣ ስብሰባ አመራር፣ ግጭት አፈታት። አንዱን አንዱን ክፍል አንድ ቡድን በደንብ ያጠናዋል። ከዚያ ቡድኑ ይበተንና ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ያለበት አዲስ ቡድን ይሠራል። አሁን ስለ መዝገብ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ካላስረዳ ሌሎቹ አያገኙትም። ሪፖርት የሚባል ነገር አያስፈልግም፣ የሚደበቅ ሰውም አይኖርም።

አንድ ሰው ወሬውን ይዞ አልለቅ ካለስ?

በሰው ፊት አታሳፍሩት። “ጥሩ ነጥብ ነው፤ አሁን ደግሞ ከዚህ ወገን እንስማ” ብላችሁ በእጃችሁ ወደ ሌላው ጥግ አመልክቱ። ካልሆነ ሥራ ስጡት፤ የቡድኑን ሐሳብ የሚጽፍ ሰው መስማት ግድ ይሆንበታል። በዕረፍት ሰዓትም ለብቻው “ብዙ እንደምታውቅ አይቻለሁ፣ ያልተናገሩትን እንዲናገሩ አግዘኝ” በሉት። ብዙዎቹ በደስታ ይቀበላሉ።

ቡድኑ በሙሉ የመሻማት ነገር ካለበት ለእያንዳንዱ 3 የሽምብራ ፍሬ እደሉ። የተናገረ አንዱን ወደ ሲኒ ይጥላል፤ የጨረሰ የሌሎቹ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ይሄ ለወጣቶችና ለእኩዮች ነው። ሽማግሌዎች ያሉበት ላይ አታድርጉት፣ እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

አለቃና ሠራተኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲሆኑ ማንም አይናገርም

እዚህ ላይ ልማዳችን ራሱ ያግዛል። በሽምግልና ትልቁ ሰው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ሥልጠናው ሳይጀመር አለቃውን ለብቻ አግኙና “ጋሼ፣ ሁሉም ከተናገረ በኋላ እርስዎ ቢያጠቃልሉልን” በሉ። ክብራቸው ይጠበቃል፣ ሠራተኛውም ሐሳባቸውን ሳይሰማ የራሱን ይናገራል። ለቡድን ሥራ ደግሞ አለቆችን አንድ ላይ መድቧቸው። ስሱ ጉዳይ ሲሆን ሰው ስሙን ሳይጽፍ በካርድ ይጻፍ፤ ካርዶቹን እናንተ በውዛችሁ አንብቡ። የእጅ ጽሑፍ የሚታወቅባት ትንሽ ቢሮ ከሆነች እያንዳንዱ የሌላውን ካርድ ይገልብጥ።

ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ምንም አይናገሩም

በድንገት ስም ጠርታችሁ “እስቲ አንቺ ንገሪን” አትበሉ። ያ ማሳተፍ አይደለም፣ ማስደንገጥ ነው። መጀመሪያ ለብቻቸው ቡድን ይሥሩ፤ ተናጋሪያቸውን ራሳቸው ይምረጡ። ከዚያ “እናቴ፣ ቀጥሎ ከእናንተ ቡድን እንሰማለን” ብላችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። መጀመሪያ የሚያቀርበውም የእነሱ ቡድን ይሁን፤ ወንዶቹ ተናግረው ከጨረሱ “እኛም ያው ነው” ብለው ይቀመጣሉ።

ከዘዴው በፊት ግን ሰዓቱን እዩ። ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ከብት ማስገባት የሚጠብቃት ሴት ከ9 ሰዓት በኋላ አካሏ አዳራሽ ውስጥ ቢሆንም ልቧ ቤቷ ነው። ሕፃን ያዘለችም ትኖራለች። ሕፃናቱን ጥላ ሥር የምትጠብቅ አንዲት ሴት ክፈሉና አስቀምጡ። ይህን ወጪ በጀት ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል ይባላል። ለባነር ከሚወጣው ብር ያንሳል፣ ጥቅሙ ግን አይወዳደርም።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሠልጣኞች ቢኖሩስ?

ወረቀቱን ተዉትና መሬቱን ተጠቀሙ። ካርታ በዱላ ይሣላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ፣ ምንጩ ቅጠል፣ መንገዱ አመድ ይሆናል። ችግሮችን ቅደም ተከተል ለማስያዝ ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ዕቃ አስቀምጡ፦ ለውኃ ቅል፣ ለማዳበሪያ ጆንያ፣ ለመንገድ ጫማ። እያንዳንዱ ሰው 5 ባቄላ ይዞ እንደ ክብደቱ ያከፋፍል። ሲቆጠር የማንበብ ጉዳይ አይነሳም። ባቄላውን ሲያስቀምጡ ግን እያንዳንዱ ሰው በተራው ለብቻው ይሁን፤ እርስ በርስ እየተያዩ ካስቀመጡ ሁሉም የመጀመሪያውን ሰው ይከተላል።

እነማን ማንበብ እንደማይችሉ አትጠይቁ። ቅይጥ ቡድን ከሆነ ሥራውን ለሁሉም በሥዕልና በዕቃ አድርጉት፣ የተማረውም ይወደዋል።

ሠልጣኞቹ ሥራውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ምን አስተምራቸዋለሁ?

ይህ ጣና ዳር በጣም ያጋጥማል። ደንገል አስሮ ታንኳ ሠርቶ ሐይቁ ላይ ያደገን አሥጋሪ ስለ ዓሣ ላስተምርህ ማለት ይከብዳል። ፎገራ ላይ ሩዝ ሲያመርት የኖረ ገበሬም እንደዚያው ነው። መውጫው የእነሱን ዕውቀት ማስቀደም ነው። እነሱ ያወጡትን ይዛችሁ የጎደለውን ብቻ ትጨምራላችሁ።

ከአሥጋሪዎች ጋር በነበረን አንድ ሥልጠና መግቢያ ንግግር አላደረግንም። “ጣናን መሬት ላይ ሣሉልን” አልን። አንዱ በበትሩ ዳርቻውን ሳለ፣ ሌላው የጉማራንና የርብን መግቢያ አሳየ፣ ስለ ግልገል ዓባይ አፍ ተከራከሩ። ከዚያ ነጭ ዓሣ በክረምት የት እንደሚሰበሰብ በጠጠር አመለከቱ። ጠጠሩ በሙሉ የወንዞቹ አፍ ላይ ተከመረ። “ለምን እዚያ?” ስንል አንድ አዛውንት “እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ ነዋ” አሉ። “ታዲያ መረቡ የሚዘረጋው የት ነው?” ስንላቸው ዝም አሉና እዚያው ጠጠሩ ላይ መረብ አስቀመጡ። በክረምት የወንዝ አፍ መዝጋት ለምን ዓሣውን እንደሚጨርስ ማስረዳት አላስፈለገንም፤ መሬቱ ላይ ይታያል። እኛ የጨመርነው ስለ መረብ ዓይን ስፋት ያለውን ደንብና ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ ሐይቅ እንደማይገኙ ነው። እሱን ሲሰሙ ጥያቄ የጠየቁት እነሱ ነበሩ።

ለአበል ብቻ የመጣን ሰው እንዴት ላሳትፍ?

አበሉ ላይ አትፍረዱ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ አለበት፣ ሥራውንም ጥሎ ነው የመጣው። አበሉ መቼና ስንት እንደሚከፈል በመጀመሪያው ጠዋት በግልጽ ንገሩ። ሰውን የሚያሳስበው ገንዘቡ ሳይሆን አለማወቁ ነው፤ ካልተነገረው ቀኑን ሙሉ ስለሱ ይንሾካሾካል።

ከዚያ ሥልጠናውን ከራሱ ሥራ ጋር አገናኙት። “ነገ ቢሮህ ስትገባ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው?” ብላችሁ ያንኑ ሥራ እዚያው አዳራሹ ውስጥ አስጀምሩት። ዕቅዱን፣ ቅጹን፣ ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ግማሹን ሠርቶ የሄደ ሰው ለአበል ቢመጣም ያተርፋል። አንድ ሰው ጨርሶ ካልፈለገ ግን ሌሎቹን እስካልረበሸ ድረስ አትታገሉት።

መማራቸውን በምን አውቃለሁ?

“ገባችሁ?” በሚለው አይደለም። መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው፤ አሠልጣኙን ማሳፈር የሚፈልግ የለም። በሱ ፈንታ “ይህን ለጎረቤታችሁ እንዴት ትነግሩታላችሁ?” በሉና አድምጡ፣ ወይም ሠርተው ያሳዩ። በየማለዳው የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ማስታወሻ ሳይገልጡ የትናንቱን እንዲያስታውሱ ስጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከሳምንት በኋላ ብዙ ያስታወሱት ደጋግመው ያነበቡት ሳይሆኑ ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ።

በመዝጊያው ላይ የምትሞላው የአስተያየት ቅጽ የምትነግራችሁ ምሳውና አዳራሹ መወደዱን ነው። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው የግምገማ መንገድ ይህ ከ4 ደረጃዎች የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ቀጥሎ መማራቸው፣ ከዚያ በሥራቸው ላይ መለወጣቸው፣ በመጨረሻ ውጤቱ ይታያል። ሦስተኛውን ለማየት ገንዘብ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሊሞክረው ያሰበውን አንድ ነገር በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ የማይጽፍ ካለ ጓደኛው ይጻፍለት። አንዱን ራሱ ይያዝ፣ አንዱን እናንተ ያዙ። ከወር በኋላ ደውላችሁ “ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?” በሉት። ከሞከረው ምን እንደገጠመው ጠይቁ፣ ካልሞከረው ምን እንደያዘው። ሁለቱንም መልስ ጻፉት፤ የሚቀጥለውን ሥልጠና መክፈቻ ከዚያ ትወስዳላችሁ።